የመብሩካ ስም እና የዘይቱ ባለቤት

መብሩካ አትመችም፤ ይህን እኔም አልክድም። በከተማችን በስፋክስ ገበያ ዓሣ ስትገዛ ስንጥቡን ገልጣ ሳታይ አትከፍልም። ሻጩ «እህቴ፣ ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው» ሲላት «እሱን ዓሣው ይንገረኝ» ትለዋለች። ሬዲዮ ጣቢያ ስትሠራ፣ ባለሥልጣን ጽፎ የላከውን ዜና አላነብም ብላ ተባረረች። ከዚያ እኛ ዘንድ መጣች። እኛ ሰው አደባባይ የተናገረውን እያጣራን እውነት ወይም ሐሰት ብለን የምናትም ትንሽ ድርጅት ነን። እዚህ ማንም አያዝሽም ያላት ዋና አዘጋጃችን ሲ ሙንጂ ነው፤ «ሲ» እኛ ዘንድ «አቶ» እንደ ማለት ነው። አመነችው።

የወይራ ለቀማው ሲጀመር አንድ የዘይት ኩባንያ «ከወይራ ብቻ» በሚል ማስታወቂያ ከተማውን አጥለቀለቀው። መብሩካ ጠርሙሶቹን ከየሱቁ ገዝታ አስመረመረች። ግማሹ የአኩሪ አተር ዘይት ሆኖ ተገኘ። «ሐሰት» ብላ ጻፈች። የኩባንያው ባለቤት ደሞዛችንን የሚከፍለው የእርዳታ ድርጅት ሊቀ መንበር ነው፤ ይህንንም ሳትደብቅ ጻፈችው።

በማግስቱ ገጻችንን ስንከፍት «ሐሰት» የሚለው ጠፍቶ «ማብራሪያ ይፈልጋል» ተብሏል። የአኩሪ አተሩ ነገር የለም። ከጽሑፉ ሥር ስሟ ግን እንዳለ ነው። ስሟን እንኳ አላነሱላትም! እኔ እስካሁን ደሜ የሚፈላው በዚህ ነው።

«ሲ ሙንጂ፣ ማነው የነካው?» አለችው ቢሮው ገብታ።

«ተቀመጪ እስቲ። ሰውየው ደውሎ ነበር። ምንም አላዘዘኝም፤ አንተ ታውቃለህ ነው ያለኝ።»

«እርስዎም አወቁለት።»

«የስንቱን ሰው እንጀራ ልዝጋ፣ መብሩካ?»

«ታዲያ በራስዎ ስም አይጽፉትም ነበር?»

ቦርሳዋን አንስታ ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ስልክ አነሳች። እኛ ቤት የማይጣስ ሥርዓት አለ። የማንንም ቃል ሐሰት ከማለታችን በፊት ለተናገረው ሰው ደውለን መልሱን እንጠይቃለን። ቢሮውን ከእኛ ከሚለየው መስታወት ወዲያ የሲ ሙንጂ ስልክ ጮኸ።

«መብሩካ ነኝ» አለች ሁላችንም እየሰማን። «ገጻችን ላይ "ገንዘብ የሚሰጠን ሰው በሥራችን ጣልቃ አይገባም" የሚል ቃል አለ። የጻፉት እርስዎ ነዎት። እያጣራሁት ነው፤ ምን ይላሉ?»

«አብደሻል እንዴ? እዚሁ እያየሁሽ!»

«መልስዎ ይሄ ነው? ልጻፈው?»

ሥርዓቱን ያስተማረን እሱ ነው። የማይመልስ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጻፍም ያስተማረን እሱ ነው።

«እስከ ነገ ቀትር እጠብቃለሁ» ብላ ዘጋች።

ቀትር ደረሰ፤ መልስ የለም። የዘይቱን ጽሑፍ እንደ መጀመሪያው መለሰችው። ከሥሩ የራሳችንን ቃል አስቀመጠችና «ሐሰት» ብላ ፈረደችበት፤ «ዋና አዘጋጁ ለመመለስ ፈቃደኛ አልሆነም» ብላም ጨመረች። እኛም ስማችንን ከስሟ ሥር አስገባን። በዚያው ሳምንት ደሞዛችን ተቋረጠ።

ገጹን የመዝጋት ሥልጣን የሲ ሙንጂ ነበር፤ አልዘጋውም። ለዚህ አመስግነው የሚሉኝ አሉ። አላመሰግነውም።