በገራዶ የተከሰሰችው ፍየል

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ለአንዲት ፍየል ፍርድ ለማድረስ ነው። ሥራዬ ከላም፣ ከበግና ከፍየል የሚወሰዱ ባክቴሪያዎችን ጂኖም ማነጻጸር ነው። ጂኖም ማለት ባክቴሪያው ከዘሩ የወረሰው ሙሉ ጽሑፍ እንደማለት ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ዘመድ ይሁኑ ባዳ እለያለሁ። ባለፈው ጉዞዬ ደሴ አጠገብ ባለችው ገራዶ ላይ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት፣ የላማቸው ግት አብጦ አንዱ ጡት ደርቆባቸው፣ "ፍየሏ ናት ያመጣችብኝ፤ አይደል?" ብለው ጠየቁኝ። መልሱን ይዤ እመጣለሁ አልኳቸው። አለቃዬ "ስልክ አይበቃም?" ብሎኝ ነበር። ለእንዲህ ያለ ነገር አይበቃም።

ኮምቦልቻ

አውቶቡሱ የጣርማ በርን ጉም አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ሹራቤን አወለቅሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት እስከ ከሚሴ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ሄደች፤ ስትወርድ ዞር ብላም አላየችኝ። ቅር አለኝ። የሰው ክብደት ከተሰማኝ ቆይቶ ነበር።

ኮምቦልቻ ስንደርስ የፋብሪካ ሠራተኞች ከሥራ ወጥተው ባጃጅ ይሻማሉ። አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ አዘዝሁ።

"ሰው እየጠበቅሽ ነው?" አለችኝ አስተናጋጇ የእጅ ውሃ እያፈሰሰች።

"የለም፣ ብቻዬን ነኝ።"

"ውይ!" አለችና ትሪውን በትንሽ ሳህን ቀየረችው። "ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል" የሚለው ተረት ያኔ ትዝ ባይለኝ ጥሩ ነበር። ሽሮው ቢጣፍጥም ግማሹን ትቼ ተነሳሁ።

ደሴና ገራዶ

ጠዋት ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት እያቃሰተ ወጥቶ ደሴ አደረሰኝ። ሹራቡን መልሼ ለበስሁ። ሰኞ ገበያ ሰው ከሰው ይጋፋል፤ ገፍትሮኝ "ይቅርታ" ካለኝ ባለሸክም በቀር ያነጋገረኝ አልነበረም። ባዶ እጅ ሰው ቤት አይገባምና ስኳር ገዝቼ የገራዶን መኪና ተሳፈርሁ።

ከመንገዱ መጀመሪያ የሚገኘው የጋሽ ሰይድ ቤት ነው። ፍየሏ የእሳቸው ናት፤ ለእትዬ ዘነበች በርቢ ሰጥተዋቸው ነበር። በርቢ ባለቤቱ እንስሳውን ይሰጣል፣ ተቀባዩ ያረባል፣ ግልገሉን ይካፈላሉ፤ ወተቱ የአርቢው ነው። እትዬ ዘነበች ግን በየማለዳው ለጋሽ ሰይድ ወተት ይዘው ይወርዱ ነበር። ጋሽ ሰይድ ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፣ ልጆቻቸው ሁሉ አረብ አገር ናቸው፤ የቀኑ ጨዋታቸው ከዚያ ወተት ጋር የሚመጣው ነው። ላሚቱ ስትታመም እትዬ ዘነበች ፍየሏን አምጥተው አጥራቸው ላይ አስረውባቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ከሩቅ ነው።

"ፍየሌ ተፈረደባት?" አሉኝ ገና በደጃፋቸው መደብ ላይ ሳልቀመጥ።

እንደምንም አስረዳኋቸው። ናሙና በወሰድሁባቸው ሌሎች ቤቶች የፍየል ባክቴሪያ ከፍየል፣ የላም ከላም ይዛመዳል። በእትዬ ዘነበች ቤት ብቻ የላሚቱና የፍየሏ አንድ ሆኖ ተገኘ። ማን ለማን እንደሰጠ ጂኖሙ አልነገረኝም። መንገዱን ግን አገኘሁት፤ እትዬ ዘነበች ሲያልቡ ጡት የሚያለሰልሱበት ቅቤ ነው። ላሚቱንም ፍየሏንም ከአንድ ስኒ እየነከሩ ይቀባሉ፤ ባለፈው ከስኒው የወሰድሁት ናሙናም ያው ሆነ።

"እንግዲያ እጇ ነዋ!"

"እጃቸውና ቅቤው።"

ጋሽ ሰይድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ወላሂ፣ እንዲህ ብለሽ እንዳትነግሪያት። በዚያች ላም ነው የምትኖረው። በገዛ እጇ እንደጎዳቻት ስትሰማ አንጀቷ ይቆረጣል። ፍየሏ ናት በያት።"

"እንደዚያ ካልኩ እኮ እትዬ ዘነበች ፍየሏን መልሰው አይወስዷትም። እርስዎም ብቻዎን..."

"አብሽሪ። እኔ ለምጄዋለሁ።"

አልለመዱትም። ስናወራ ዓይናቸው ዳገቱ ላይ ካለው ከእትዬ ዘነበች ቤት አልተነሳም።

ዳገቱን ስወጣ ሁለት ዓይነት ንግግር አዘጋጀሁ፤ ውሸቱ ይቀል ነበር። ነገር ግን እጅና ቅቤው ካልተስተካከለ የቀሩት ጡቶችም ይሄዳሉ። እውነቱን ነገርኋቸው። እትዬ ዘነበች መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት።

"በዚህ እጄ?"

"አያውቁም ነበር፣ እትዬ። ቅቤውን ለየብቻ ያድርጉት፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲያልፉ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የእንስሳት ሐኪምም ላሚቱን ይያት። የቀሩት ጡቶች ሊተርፉ ይችላሉ።"

"ጋሽ ሰይድ ሰምተዋል?"

"ሰምተዋል።"

"ምን አሉ?"

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። "'ፍየሏ ናት በያት' አሉኝ።"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "የመድኃኔዓለም ያለህ! እኔ ፍየላቸውን እንደ ሌባ አስሬ ጥዬባቸው፣ እሳቸው የኔን ጥፋት በፍየላቸው ሊያላክኩ?" ብድግ አሉ። እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጠቡና ደህና ዋይ እንኳ ሳይሉኝ ቁልቁል ሄዱ።

ከላይ ሆኜ አየኋቸው። አጥሩ ጋ ቆሙ፤ የተባባሉት አይሰማም። ጋሽ ሰይድ መደቡ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው።

በዚያ አገር እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድም። እኔን የሸኘኝ አልነበረም፤ አልተቀየምሁም፤ ብቻዬን ወደ መኪናው መንገድ ወረድሁ።

ቤት

በማግስቱ ገና ሳይመሽ አዲስ አበባ ገባሁ። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ስወጣ የማስበው ያንኑ ነበር። ሁለቱ ባክቴሪያዎች አንድ የሆኑት ሁለት ቤት ስለተነካካ ነው፤ በሽታው የሄደበት መንገድ ወተቱና ጨዋታውም የሚሄዱበት ነው። የእኔንና የጎረቤቴን ቤት የሚያነጻጽር ቢመጣ አንድም የጋራ ነገር አያገኝም። ከግድግዳው ማዶ ስታስል እሰማታለሁ፤ ስሟን አላውቅም።

ቦርሳዬን ሳላወርድ በሯን አንኳኳሁ።

"ማን ነው?"

ስሜን ብጠራላት ምን ይነግራታል?

"ጎረቤትሽ ነኝ" አልኳት።