ቬሎ ይዤ በጣና ዳርቻ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ የልጅ ልጅ ከባሕር ዳር ስትመለስ ፍኖተ ሰላም ቤቴ ጎራ አለችና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና የጣና ሽርሽሯን አሳየችኝ። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ወጣቶች ጀልባ ላይ ተደርድረው ያጨበጭባሉ፤ አንዷ እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ ትንከተከታለች። «እማማ፣ እርስዎ ጀልባ ላይ ወጥተው ያውቃሉ?» አለችኝ። አውቃለሁ አልኋት። «ታዲያ ተዝናኑበት?» ስትለኝ ስልኳን ከፊቴ ገፋ አደረግሁት። እኔ በጀልባ አልተዝናናሁም። እኔ በጀልባ አበሳዬን ነው ያየሁት፤ ይኸው አርባ ዓመት አልፎትም ሲነሳ ደሜ ይፈላል።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ሒሳብ አስተምራለሁ። አራት መምህራን አንድ ላይ ገጥመን እንውላለን። ትርንጎ የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ አንድ ቤት ተከራይተን አብረን እንኖራለን። ሙላት ስፖርት ያስተምራል፤ ነገር ሁሉ ጨዋታ የሚመስለው ልጅ ነው። ይበልጣል ደግሞ የአማርኛ መምህር ሲሆን በልጅነቱ ዲያቆን የነበረ፣ ቅኔ ቤትም የቆየ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ጨዋ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስረግመው ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። ክፉ ቢሆንማ እንዴት በቀለለኝ!

ትርንጎ የቁንዝላ ልጅ ናት፤ ከጣና ምዕራብ ዳርቻ። በአሥራ ሦስት ዓመቷ አባቷ ሊድሯት ሲሉ ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ ሸሽታ ተማረች። አባቷም ለብዙ ዓመት ስሟን አልጠሩም። ኋላ መምህርት ሆና የቡሬ ልጅ ስትወድ ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ፤ ጥር ላይ በደጃቸው ሊድሯት ቀን ቆረጡ። የትርንጎ ልብ ታዲያ ቬሎው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔማ ልብስ አይደል ወይ፣ ምን ያንገበግባታል ብዬ ነበር። አንድ ቀን ምሥር እየለቀምን ነገሩን አወጣችው።

«ያን ጊዜ ሊድሩኝ ሲሉ የጎረቤት ቀሚስ ተውሰው ነበር ያለበሱኝ፤ እጅጌው እስከ ጣቴ ይደርስ ነበር» አለችኝ። «አሁን ባሌን እኔ መርጫለሁ። ልብሴንም እኔ መርጬ፣ በልኬ አሰፍቼ፣ አባቴ ፊት ለብሼ ልውጣ። ካልደረሰ ግን የሽዬ፣ ያው የሰው ቀሚስ ለብሼ ልወጣ ነው።»

ከዚያ በኋላ ቬሎው የኔም ጉዳይ ሆነ። እሷ ከሠርጉ ሳምንት ቀድማ አገሯ ስትሄድ እኔ ልብስ ሰፊው ዘንድ እየተመላለስሁ ቀረሁ። ጥር ነውና የከተማው ሰፊ ሁሉ በሙሽራ ተጣቧል፤ «ነገ ነይ» ሲለኝ ሰንብቶ ዓርብ በማለዳ አስረከበኝ። ሠርጉ እሑድ ነው፤ ሙሽራውም እሑድ በጠዋት ይገባል። ቬሎውን ካርቶን ውስጥ አጣጥፌ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በሲባጎ ጠፍሬ ከሙላትና ከይበልጣል ጋር ባሕር ዳር ገባሁ።

ቅዳሜ ወደ ቁንዝላ የሚሄድ መኪና ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ መኪና ነበር! ሙላት ግን፣ «ምን አቧራ ያስቅመናል? ጀልባ እንኮናተር። ዳር ዳሩን እየታዘብን፣ እየተዝናናን ለምሳ ቁንዝላ ነን» አለ። እኔም ጣናን ከዳር እንጂ ከውስጥ አይቼው አላውቅምና እሺ አልሁ። ስለዚህ ከጥፋቱ እኔም አለሁበት፤ ይህን አልክድም።

ባለ ጀልባው ጋሼ አንዳርጌ የሚባሉ፣ ፊታቸው በፀሐይና በውሃ የጠቆረ አዛውንት ነበሩ። ጎሕ ሳይቀድ ስንሳፈር አስጠነቀቁን። «ልጆቼ፣ ጠዋት ውሃው በግ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ግን የሚይዘው የለም። ቁንዝላ ከመድረሳችን በፊት አንድ ክፍት ቦታ አለ፤ እሱን ከስድስት ሰዓት በፊት ካላለፍን ያለንበት አድረን ነው በነጋታው የምንሻገር።» ሦስታችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ራስ መነቅነቅ ምን ያስከፍላል።

የመጀመሪያው ሰዓት፣ እውነቱን ልናገር፣ ገነት ነበር። ውሃው ጭጋግ እያጨሰ ይተኛል፤ ከደንገሉ መካከል ነጫጭ ወፎች ብድግ ይላሉ። ስንቃችን ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ነበረ፤ እኔና ሙላት በላን። ይበልጣል እንደ ልማዱ እስኪረፍድ አይቀምስም። ሙላት ቴፑን ከፈተ፤ ሁለት ዘፈን ሳይጨርስ ድምፁ ደከመበትና የባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ደረደራቸው። ሳቅንበት። ያን ቀን የሳቅሁት የመጨረሻው ሳቅ እሱ ነው።

ከዛፎቹ መካከል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ ሲል ይበልጣል ከመቀመጫው ተነሳ። «ጋሼ አንዳርጌ፣ እስቲ ወደ ዳር ያስጠጉልን። ደጁን ስመን እንመለስ» አለ።

«ይበልጣል፣ ትናንት በአውቶቡስ ስንመጣ በቡሬም በዳንግላም እኮ በመስኮት ነው የተሳለምኸው» አልሁት።

«አውቶቡሱ የሕዝብ ነው፤ አቁሙልኝ አይባልም። ይህን ግን የተኮናተርነው እኛ ነን» አለኝ፤ ፈገግ ብሎ። «ታቦቱ ደጅ በገዛ ጀልባችን ደርሰን፣ ሳንወርድ ብናልፍ ምን ሰበብ አለን?»

ጋሼ አንዳርጌ ቆባቸውን አውልቀው፣ «እውነቱን ነው» አሉና አዞሩት። ምን ልበል? ወረድሁ፤ እኔም ተሳለምሁ፤ በጎ ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን ማንን ገደለ! ግን ጣናን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የዳርቻው ደብር መች ተቆጥሮ ያልቃል? በየልሳነ ምድሩ ጉልላት፣ በየደሴቱ ጉልላት። እኛ የደጋ አገር ሰዎች ደግሞ መንገድ ስንሄድ አንድ ደብር ካለፍን ሁለተኛውን እስክናገኝ ሸለቆ ወርደን ዳገት ወጥተን ነው። የሱ ልማድ ለደጋ መንገድ የተሠራ ልማድ ነው። እዚህ ሲያመጣው እግር ተወርች አሰረን።

ሁለተኛው ደሴት ላይ ነበር፤ ለሴት የተከለከለ። «ደጁን ስሜ ብቻ» ብሎ ወጣ፤ ሙላት ጠላ ሸትቶት ተከተለ። እኔ ካርቶኔን ጭኔ ላይ አድርጌ ከጋሼ አንዳርጌ ጋር ቀረሁ። ለካ ቅዳሴ ደርሶ ነበር! በቅዳሴ መካከል ገብቶ የማሰናበቻው «እትዉ በሰላም» ሳይባል የሚወጣ ደግሞ ይበልጣል አይደለም። ፀሐይዋ ጀልባዋ ላይ ወጣች። ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፍፌ ካርቶኑን አለበስሁት። ዝንብ ስመታ፣ ሰዓቴን ሳይ፣ ዝንብ ስመታ። በስንት ጊዜ ሲመለሱ ይበልጣል ፊቱ በርቷል፤ በእጁ ለኔ የሚሆን የበረከት ዳቦ ይዟል። ሙላት ዳቦ በልቶ ስለነበር ቅዳሴ አልገባም፤ ዋርካ ሥር ተኝቶ ጉንጩ ላይ የሣር ምልክት ይዞ መጣ።

«አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል» አልሁ፤ ጥርሴን ነክሼ።

«አትቸኩዪ የሽ፣ በበረከት የሄደ አይዘገይም» አለኝ።

ይህን አባባል ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ዘግይተን ነበር! ዳቦውን ወደ ውሃው ልወረውረው ከጅዬ የበረከት መሆኑ ትዝ ሲለኝ በላሁት። ሲጣፍጥ ደግሞ ይብስ ተናደድሁ።

ሦስተኛው ወደ ክፍቱ ቦታ መቃረቢያ ያለ ደሴት ነበር። እሱንም ሴት አይረግጠውም። ጉልላቱን ሳይ ገና ልመና ጀመርሁ። «ይበልጣል፣ በእመቤታችን፣ በዚያችም ልጅ ቀን። ከዚህ ተሳለምና እንለፍ።» አዘነ፤ እውነትም አዘነ፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ግን፣ «ይሄን አልፌ ብሄድ ሠርጉ ላይ እህል አይወርድልኝም። ደጁን ስሜ ብቻ» አለና ጫማውን አውልቆ ወረደ። ሙላትም፣ «እኔ እየጎተትሁ አመጣዋለሁ» ብሎ ዘለለ። የሚጎተተው እሱ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ሃያ ደቂቃ ሄደ። ግማሽ ሰዓት ሄደ። መነኮሳት እንግዳ አቅርበው ሳያቀምሱ አይሸኙም፤ ይህን ማን ያጣዋል? ጋሼ አንዳርጌ ቆመው ወደ ምዕራብ አማተሩ። ወዲያ ማዶ ውሃው መልኩን ለውጦ ጠቁሯል።

«የኔ ልጅ፣ ሊነሳ ነው» አሉኝ።

«አሁን ብንነሳ እንደርሳለን?»

«አሁን፣ በዚች ቅጽበት ከሆነ በመከራ።»

«እንግዲያውስ ሞተሩን ያስነሱልኝ ጋሼ።»

ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። «ሰው ጥዬ? ታቦት ሊሳለም የወጣ ሰው ጥዬ?»

«በረሃ አልጣልናቸውም፤ መነኮሳት መካከል ናቸው፤ የሚበሉት አላቸው፤ የሚያድሩበት አላቸው። እዚያ ማዶ ያለችው ልጅ ግን የሰው ቀሚስ ለብሳ ልትወጣ ነው» ስል ዕንባዬ መጣ። የንዴት ዕንባ ነበር፤ እሳቸው ግን የኀዘን መስሏቸው ልባቸው ራራ።

«ኃጢአቱ?»

«በኔ ይሁን።»

አማትበው የሞተሩን ገመድ ሳቡት።

የዚያን ክፍት ቦታ ነገር ባልናገረው ይሻላል። ጀልባዋ ትነሳለች፣ ትወድቃለች፤ ውሃው ከአፍንጫዋ ገብቶ በጀርባዬ ይወርዳል። እኔ ካርቶኑ ላይ በሆዴ ተኝቼ የበላሁትን ሁሉ ወደ ጣና መለስሁ፤ የበረከቱንም ዳቦ ጭምር። በየመሐሉ ቀና ስል ግን አፌ የሚለው ጸሎት አይደለም፤ «ደጁን ስሜ ብቻ፣ ደጁን ስሜ ብቻ» እያልሁ እየተሳደብሁ ነበር የተሻገርሁት።

ቁንዝላ ስደርስ ትርንጎ ወደቡ ድረስ ሮጣ መጣች። እኔን ሳትስም ካርቶኑን አቀፈች። የቬሎው ጫፍ ስንዝር ያህል ርሷል፤ እሱንም በከሰል ካውያ ተኮስነው። እሑድ ጠዋት ለብሳ ከጓዳ ስትወጣ አባቷ ለረጅም ጊዜ አዩዋትና፣ «ልክሽ ነው» አሏት። ትርንጎ እስከ ዛሬ ስለ ሠርጓ ስታነሳ የምትናገረው እነዚያን ሁለት ቃላት ነው።

ይበልጣልና ሙላት በእሑድ ቀትር፣ ድግሱ ሞቆ ሳለ፣ በደንገል ታንኳ እስከ ወገባቸው ርሰው ደረሱ። እኔ ሌሊቱን ሁሉ ስድቤን ሳሰላ አድሬ ነበር። ይበልጣል ወደኔ መጣና፣ «ደግ አደረግሽ» አለኝ፤ እጁን ታጥቦ ከማዕዱ ተቀመጠ። ይኸው ነው። አንድ ሰው ሊጣላችሁ ሲገባ ሳይጣላችሁ ሲቀር ምን ያህል እንደሚያቃጥል የደረሰበት ያውቀዋል።

እኔ ግን አልተውሁትም። ለዓመታት በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ በየድግሱ፣ በየማኅበሩ አወራሁት። ጻድቁን ሰው ደሴት ላይ ጥዬ፣ ማዕበሉን ሰንጥቄ ሙሽራ እንዳለበስሁ! ሰው በሳቅ ይሞታል፤ ይበልጣልም ካለ ከሁሉ ጋር ይስቃል። ኋላ እሱ ወደ ቡሬ ተዛወረ፤ ሙላትም አረፈ፤ ነፍሱን ይማርና። እኔም ወሬዬን እንደያዝሁ ጡረታ ወጣሁ።

የእህቴ የልጅ ልጅ የሄደች ዕለት ከሰዓት በኋላ ነገሩ ሲያብሰለስለኝ ለይበልጣል ደወልሁ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ተጠያየቅን። ኋላ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ «ስማ፣ ያን ጊዜ ጥዬህ የሄድሁት ተናድጄ ነው። ይቅርታ ሳልጠይቅህ አርጅቻለሁ» አልሁት።

«አይቼሻለሁ እኮ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ስትሄዱ። ከደጀ ሰላሙ ቆሜ ነበር። ሙላት ሊጣራ ሲል እኔ ነኝ አፉን በእጄ የያዝሁት። ብንጮህ ጋሼ አንዳርጌ ይሰሙ ነበር፤ ገና ከዳር አልራቃችሁም።»

«ለምን?» አልሁ።

«ከዚያ እስከ ክፍቱ ቦታ ገና ሁለት ደብር ቀርቶ ነበር የሽ። እኔ ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ። ከተሳፈርሁ አውርዱኝ ማለቴ አይቀርም፤ የልጅቷ ልብስ ይቀራል። ስለዚህ ዝም አልሁ።»

አርባ ዓመት! አርባ ዓመት ሙሉ ጥዬው የሄድሁት እኔ ነኝ ብዬ ደረቴን ስነፋ የኖርሁት፣ ለካ እሱ ነው የሸኘኝ። ጀግንነቴንም ቂሜንም በአንድ አፍታ ከእጄ ወሰደብኝ። «ታዲያ አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርኸኝም?» ብዬ ጮህሁበት።

«ስታወሪው ደስ ይልሽ ነበራ» አለኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደጄ ላይ ብዙ ተቀመጥሁ። ደግ ሰው ያናድዳል፤ የምትጣሉበትን አያስቀርላችሁም። ትርንጎ ሰሞኑን ትመጣለች፤ የቬሎዋን ነገር እንደ አዲስ ልነግራት ይገባኛል። በዚህኛው ግን ሙሽራዋን ያለበሳት እኔ አይደለሁም፤ ይህን እንዴት አድርጌ እንደምጀምረው እስካሁን አላወቅሁም።