ለልጄ ያስጸለይኩ ዕለት

ዝም ብሎ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። በኮሮናው ጊዜ ደግሞ ባሰብኝ። ቸርች ተዘግቶ ጸሎታችን በስልክ ሆኖ ነበር፤ በየማለዳው ስድሳ የሚሆን ሰው በአንድ መስመር ይገባል። እኔም ስፒከር ላይ አድርጌ ወጥ ቤት ውስጥ እየተንጎራደድኩ እጸልያለሁ።

ልጄ የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ኦንላይን ሲሆንባት አፓርታማዋን ትታ ዌስተርቪል ከተማ ወዳለው ቤታችን መጣች። ምግብ አትነካም፣ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ትተኛለች። አንድ ቅዳሜ አብረን ልብስ ስናጣጥፍ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ከእነማን ጋር እንደምታወራ ጠየቅኳት። የስደተኛ ልጆች ከሥነ ልቦና አማካሪ ጋር የሚወያዩበት ቡድን ነው አለችኝ። አብዛኞቹ የቻይና፣ የቬትናምና የኔፓል ልጆች ናቸው፤ ሐበሻ እሷ ብቻ ነች።

"ከቻይና ጋር ምን አገናኘሽ?" አልኳት።

"እናቶቻቸው ቁርጥ አንቺን ናቸው፣ ማሚ" ብላ ሳቀች።

ሳቋ ሲያልቅ፣ አንዳንድ ጠዋት መንቃቱ ራሱ እንደሚያስጠላት ነገረችኝ። አማካሪዋ ታውቃለች። "ለማንም እንዳትነግሪ፣ ፕሮሚስ አድርጊልኝ" አለችኝ። ለማንም ትንፍሽ አልልም አልኳት፤ የምሬን ነበር።

ሁለት ቀን ቻልኩ። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ የታካሚ ጉዳይ ለባለቤቴ እንኳን አውርቼ አላውቅም። የልጄን ግን መያዝ አቃተኝ። በሦስተኛው ማለዳ የጸሎቱ መሪ "የጸሎት ርዕስ ያለው አለ?" ሲል ከሚውት ወጣሁና ድምፄን ከፍቼ እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ድምፅ ጮኸላት። እውነቱን ልናገር፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ቀለል አለኝ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት የጸሎት እህት ልጄ ጋ ደወለችና "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ጌታ ከዚህ ጭንቀት ያወጣሻል" አለቻት። ልጄ ስልኩን እንደያዘች ሳሎን መጣች።

"ስንት ሰው ሰማ?"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አልኳት።

"ማሚ፣ ስንት ሰው?"

"ስድሳ።"

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። "የታካሚዎችሽን ሚስጥር ግን ትጠብቂያለሽ" አለችኝ በእንግሊዝኛ። በዚያው ሳምንት ዕቃዋን ጭና ወደ አፓርታማዋ ተመለሰች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ የተናደድኩት በእሷ ነው። እናት ጸለየች ተብሎ ይኮረፋል ወይ እያልኩ ቤቱን ስዞር ሰነበትኩ። ያፈርኩት ንዴቱ ሲበርድልኝ ነው።

በየእሑዱ ትደውላለች። ትምህርት ደህና ነው፣ በረዶ ጥሏል፣ አባዬ እንዴት ነው ትለኛለች። ቡድኑ ውስጥ አሁንም ትግባ አትግባ አላውቅም። ስጠይቃት ወሬ ትቀይራለች።

ሁለት ወር አልፎ፣ የማለዳው ጸሎት መሪ ሁሉም እየሰማ "እህቴ፣ ልጅሽ እንዴት ሆነችልሽ?" አለኝ። "የእሷን ነገር ከእሷ ጋር ነው የምነጋገረው" ብዬ ሚውት ውስጥ ገባሁ። ጸሎቱ እስኪያልቅ እንኳን አልታገስኩም፤ ደወልኩላት።

"ስላንቺ ጠየቁኝ። አንዲት ቃል አልተናገርኩም" አልኳት። ጎበዝ እንድትለኝ ፈልጌ ነበር።

"ማሚ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ነግሬሽ ምን ትናገሪያለሽ?" አለችኝ።

ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁርስ በልታ እንደሆነ ጠየቅኳት። በልቻለሁ አለችኝ።