ፓፉ ጾም ያስገድፋል ወይ?

በዚህ ግሩፕ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ በማርያም ይዣችኋለሁ፣ ዛሬ እንኳን እመኑኝ። ባለፈው እማ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ስጠራችሁ፣ እሷ ተነስታ ጠላ ቀዳችላችሁና ስቃችሁብኝ ሄዳችሁ።

ዛሬ ጠዋት ከንፈሯ ጠቆረ። "ነጠላዬን ስጪኝ" ለማለት መሃል ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ሁለት ጊዜ ቆመች።

ደባርቅ ያየቻት ሐኪም አስረድታኛለች። አረቄ ስታወጣ የኖረችበት ጭስ ሳንባዋን ጎድቶታል። የገባው አየር መውጫው ጠብቦበት እዚያው ይቀራል፣ አዲሱ ቦታ ያጣል። እግሯ የሚያብጠውም ልቧ ስለደከመ ነው። በአፍ የሚሳበውን ፓፍ ጠዋት ማታ ውሰጂ ተብላለች።

እማ ግን ጸሎተ ሐሙስ ነው ብላ ፓፉን ደበቀችው። "እስከ ትንሣኤ በአፌ ምንም አይገባም፣ አንቺ ከሀዲ!"

ይህን የምትለኝ ለፋሲካ የጣደችውን አረቄ እሳት እየቆሰቆሰች ነው። "ጭሱስ አያስገድፍሽም?" አልኳት። በጥፊ ልትለኝ እጇን እንዳነሳች ትንፋሽ አጥሯት ቁጭ አለች።

ነገ ደግሞ ስግደት አለ። ያለ ፓፉ ስትሰግድ ወድቃ እንዳትቀር ፈራሁ።

የናንተስ እናቶች በጾም መድኃኒት እምቢ ሲሉ ምን ብላችሁ አሳመናችኋቸው? ጻፉልኝ።

እሷ የምትሰማው የንስሐ አባታችንን ብቻ ነው፣ እሳቸው ያሉት መካነ ብርሃን ከተማ ነው። ወንድም ጋሼ፣ አንተ እዚያው ነህ። ፈልጋቸውና በስልክህ ከእማ ጋር አገናኛቸው፣ "ውሰጂ" ይበሏት። ሳይመሽ ደውልልኝ።