የሽመላዎቹ ጥፋት

ዛሬ ወደ ፎገራ የሚወርድ ሰው ሲያገኘኝ «ድሮ ሜዳውን ይሞሉት የነበሩት ሽመላዎች የት ገቡ?» ይለኛል። አንዱ አየሩ ተለወጠ ይላል፤ ሌላው ረግረጉ ታርሶ አለቀ ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ያን ጨዋታ ማንም ባያነሳብኝ እወዳለሁ። አንገቴን እደፋለሁ፤ ወሬ ለመለወጥ ስል የማላስበውን እቀባጥራለሁ። እንግዲህ አሁን ራሴው ጀምሬዋለሁና ልጨርሰው።

ጊዜው ደርግ ነው። እኔ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቼ የምማር ኮረዳ ነበርኩ፤ ስንቅ ሲያልቅብኝ የጭነት መኪና እየለመንኩ ይፋግ አጠገብ ወዳለው ቤታችን እወርዳለሁ። ቤታችን የሜዳው ጠርዝ ላይ ነው። ክረምት ላይ የርብ ወንዝ ይሞላና ሜዳውን ያለብሰዋል፤ መስከረም ካለፈ በኋላ ውሃው ቀስ እያለ ይሸሻል። ጥቁሩ ዋልካ መሬት እርጥብ እንዳለ ሽንብራ ይዘራበታል። ሽንብራ ዝናብ አያሻውም፣ መሬቱ የጠጣው ይበቃዋል። ዋናው ነገር ቀኑን ማወቅ ነው፤ ከቀደሙ ይበሰብሳል፣ ከዘገዩ ይደርቃል።

ቀኑን የሚያውቁት አባቴ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ የሚያውቁት ከሽመላ ነው። ሽመላዎቹ በትክክል ከየት እንደሚመጡ የሚያውቅ አልነበረም፤ «ከብርድ አገር» ነው የሚባለው። አመድማ ሆነው፣ እግራቸው ረጅም፣ እየጮሁ በሰልፍ መጥተው ሜዳው ላይ ሲያርፉ አባቴ ደጅ ይወጡና ባርኔጣቸውን ያነሳሉ። «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ እንግዶቼ!» ይላሉ። በማግስቱ አገሩ ሁሉ ሽንብራ ይዘራል። ሽመላ የሚያርፈው ውሃው ጎድሎ ጭቃው ብቅ ሲል ነዋ! ይኼ ለአያቴም ለአባቴም ሠርቷል። እኔማ ስኮራባቸው! ደብረ ታቦር ላይ ለጓደኞቼ «አባቴ ከወፍ ጋር ይነጋገራሉ» እያልኩ ጉራዬን እነፋ ነበር።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ነሐሴ ሳይጋመስ ቀጥ አለ። ጉና ተራራ ላይ እንኳ ደመና ጠፋ። ርብ ከአፋፉ ሳይወጣ ክረምቱ አለቀ። ጎረቤቶቻችን አባቴ ዘንድ መጥተው «ኧረ አሁኑኑ እንዝራ፣ ያለችውም እርጥበት ልታመልጠን ነው» አሉ። አባቴ «ሽመላው ገና ነው። የት ይቀራል፣ ትንሽ ታገሡ» አሉ። የገበሬ ማህበሩ ሊቀ መንበር ሳይቀር ታገሠ። እስቲ አስቡት፤ ወፉ የሚነሳው የዚያ አገር ብርድ ሲያባርረው ነው፣ የኛን ሜዳ መድረቅ ማን ይነግረዋል? የዚያና የኛ አየር ድሮ ተስማምተው ይኖሩ ነበር፤ በዚያ ዓመት ተለያዩ። ይኼን ዛሬ ነው እንዲህ አድርጌ የምተነትነው፤ ያኔ ለማናችንም አልገባንም።

ሽመላዎቹ በቀናቸው መጡ። ለስንቅ ወርጄ ነበርና በዓይኔ አየኋቸው። ሜዳው እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል። አረፉና ዝም ብለው ቆሙ። እንቁራሪት የለ፣ ትል የለ፣ ምን ይልቀሙ? አባቴ ባርኔጣቸውን አነሱና መልሰው አጠለቁት። ቆየት ብለው እናቴን «ምስኪኖች! እነሱም እንደኔው ውሃ አለ ብለው መጡ» አሏት።

እንዲያም ሆኖ አገሩ ሁሉ ዘራ፤ ምን ምርጫ አለ? ዘሩ ከማህበሩ የወጣ ነበር። ደረቅ መሬት ውስጥ ገብቶ ቀረ፣ አንድም አልበቀለ። እኔ ዳግመኛ ስንቅ ፍለጋ የወረድኩ ዕለት ከደብረ ታቦር አንድ ካድሬ መጥቶ ሰዉን ዋርካው ሥር ሰብስቦ አገኘሁት። «የማህበሩን ዘር ማን ነው አፈር ያስበላው?» ይላል። ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አባቴን አየ።

«አንተ፣ ተነስ!» አላቸው ካድሬው። አንተ! ልጃቸው የሚሆን ጎረምሳ! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «ግለሂስ አድርግ! በወፍ እያሟረትክ ምርት አሰናክለሃል። ይኼ አሻጥር ነው!» አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወህኒ ነው የሚወርደው፤ ገብቶ ያልተመለሰም እናውቃለን። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች።

አባቴ ተነሱ። «ዘሩስ በቀኑ ነው የተዘራው» አሉ። «ሽመላው ነው ለቅሞ የጨረሰው።»

ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። እንግዶቼ ሲሏቸው የኖሩትን ወፎች ከሰሱ! አፈርኩባቸው፤ አፍሬም ደግሞ በልቤ «እሰይ፣ አመለጡ» አልኩ። የሚገርማችሁ፣ ማንም «ኧረ ይኼ ውሸት ነው» አላለም። እንዲያውም አንዱ ጎረቤት «እውነት ነው፣ እኔም ሲለቅሙ አይቻለሁ» አለ፤ ሌላውም ተከተለው። ሁሉም ታግሦ ነበራ! አባቴ አሻጥረኛ ከተባሉ እሱስ ምን ሊባል ነው? የካድሬውም ፊት በራ፤ ጠላት ተገኘለት። «እንግዲያው ነገ ዘመቻ ነው!» አለ።

በማግስቱ አገሩ ሁሉ ወንድ ሴት ሳይል ዱላና ወንጭፍ ይዞ ሜዳው ላይ ወረደ። እኔም ዱላ ያዝኩ፤ የሰውየው ልጅ ባዶ እጇን ብትታይ ምን ይባላል? ድሮ ሽመላ ሰው ገና ከሩቅ ሲያይ ነው የሚነሳው። የዚያን ዕለት ግን ክንፉን ይዘረጋል፣ ትንሽ ይንደረደራል፣ መልሶ ይቆማል። አጥንቱ ከላባው ሥር ይቆጠራል። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣ ፍጡር በዱላ! አቤት ያየሁት!

ካድሬው አንዱን የሞተ በእግሩ ገለበጠና አባቴን «ሆዱን ክፈተው፣ ማስረጃውን እንየው» አላቸው። አባቴ ቢላዋ አውጥተው ቀደዱት። ሰው ከበበ። አንዲት ሽንብራ የለችም። ደረቅ ሣርና የአፈር ጓል ብቻ ነው ያለው።

ካድሬው ቀና ብሎ አባቴን አየ። እኔ በልቤ «በቃ ይናገሩት፤ የጎዳን ዝናቡ ነው፣ እነዚህም በረሃብ እያለቁ ነው ይበሉ» እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ «የለም፣ አይበሉ፣ አባቴን ይወስዱብኛል» እላለሁ።

አባቴ እጃቸውን በሣሩ ጠረጉ። «ይኼኛው ገና አሁን የደረሰ ነው፣ አልበላም» አሉ። «የበሉት እነዚያ ናቸው።» ደም በነካው ቢላዋ ወደ ቀሩት አመለከቱ። እነዚያም አንድ እርምጃ መራመድ አቅቷቸው የቆሙ ናቸው፤ ሁላችንም እያየናቸው ነው።

ካድሬው ወደኛ ዞረና «እውነት ነው?» ሲል ጠየቀ።

«እውነት ነው!» አልን። የኔ ድምፅ ከሁሉም በልጦ ተሰማኝ።