ሴትዮዋ እንዳትሞት የመጡ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ ለጋብቻ ይላካል፤ ለተጣላ ባልና ሚስት ይላካል፤ ለደምም ይላካል። ለጌም ሽማግሌ የተላከበት ቤት ግን፣ በጉለሌ ቀርቶ በአገሩ ሁሉ፣ የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጋቢ የለበሱ ሦስት አባቶች የቀጨኔን ዳገት ቁና ቁና እየተነፈሱ ወጥተው፣ በራችን ላይ ቆመው፣ «ልጅቷ በሠራችው ጌም ጉዳይ ነው የመጣነው» ሲሉ፣ እናቴ በሩን እንደያዘች «ቤቱን አልተሳሳታችሁም?» አለቻቸው። እንዳልተሳሳቱ አሳምራ ታውቃለች። ሦስቱም ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ ቤት መጥተው ነበር።

ያኔ የመጡት እኔን ለጋብቻ ሊጠይቁ ነው። ልጁ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነበር። ሁለታችንም ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን የሰው ፕሮግራም ስንጠግን እንውላለን። አብረን ምሳ ስንበላ፣ አብረን ለታክሲ ስንሰለፍ፣ በቃ ተዋደድን። የእሱ ቤተሰቦች የሚኖሩት ዊንጌት አካባቢ ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ መሆኗን ገና ከመጀመሪያው ነግሬዋለሁ። «ታዲያ ምን አለበት?» አለኝ። ለእናቱ ግን ትንፍሽ አላለም። እናቱን በፊቷ «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማናግራት፤ እዚህ «እሷ» የምላት አውቄ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ሸክላ ሸጣ ዩኒቨርሲቲ ያስገባችኝን እናቴን፣ «እማዬ፣ ግቢ ውስጥ ያሉትን ማሰሮዎች ዞር ብናደርጋቸውስ?» አልኳት። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል። እማዬ አልተቆጣችም። ያልደረቀ ማሰሮ ቢነሳ እንደሚበላሽ ነገረችኝና፣ ሸራ ፈልጋ ሸፈነችልኝ። እኔን ላለማሳፈር ብላ የገዛ እጇን ሥራ እንደ ቆሻሻ ሸፈነችው።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። አንደኛው፣ ረጅም ከዘራ የያዙት፣ በግቢው ሲያልፉ ቆም ብለው የሸራውን ጫፍ በከዘራቸው ገለጥ አደረጉት። አዩ። መልሰው ለቀቁት። ቤት ገብተው ተቀመጡ፤ ነገሩን እንደ ደንቡ አቀረቡ። እማዬም እንደ ደንቡ «ዘመድ ልማከር፤ ለሁለት ሳምንት እሁድ ተመለሱ» አለች። የቀረበላቸው ምግብ እንደቀረበ ቀረ፤ ለስላሳው ተከፍቶ ጋዙ ወጥቶ አለቀ። «ጾም ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ጾም እንዳልነበረ አምስታችንም እናውቃለን።

በሁለት ሳምንቱ እሁድ እማዬ ከእድር ወንበር አስመጣች፣ ቀሚሷን ለበሰች፣ አጎቴን ከጎኗ አስቀመጠች። ማንም አልመጣም። አልተሳካልንም የሚል ሰው እንኳ አልተላከም። ወንበሮቹን የሚመልስ ሰው ሲመጣ እማዬ ከተቀመጠችበት ተነስታ፣ የራሷንም ወንበር አጥፋ ሰጠችው። ማክሰኞ ዕለት ልጁ ደወለ። «እናቴን ታውቂያታለሽ አይደል... ማለቴ... ተረጂኝ» አለኝ። በኋላ ከሌላ ሰው እንደሰማሁት ሴትዮዋ ያለችው «ከቡዳ ቤት ልጄን አልድርም» ነው። መሥሪያ ቤቱን ለቀቅኩ። ሌላ ሥራ አገኘሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቁጭ ብዬ ዓለምን አጠፋሁ።

ጌሙን «ገል» አልኩት። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ክረምት መራራ ዝናብ ይዘንብና ብረቱንም ፕላስቲኩንም ይበላዋል። ቧንቧ፣ ጄሪካን፣ ሮቶ የሚባል ነገር ይጠፋል። ውሃ ሳይመረዝ የሚቀመጠው በሸክላ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ባዶ እጁን፣ ከፈረሰው የዊንጌት ታክሲ ማቆሚያ ይነሳል። ንጹሕ ምንጭ ያለው እንጦጦ ላይ ነው፤ ያለ እንስራ ግን ከምንጩ እፍኝ ጠጥቶ መውረድ እንጂ ውሃ ይዞ መኖር አይቻልም። እንስራ መሥራት የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ቀርታለች። ቤቷ ቀጨኔ ነው። በሯን ታንኳኳለህ፣ ትገባለህ፣ ትቀመጣለህ፣ የቀረበልህን ትጠጣለህ። ካልጠጣህ ሙያዋን አታስተምርህም። ካላስተማረችህ ደግሞ በሁለተኛው ቀን በውሃ ጥም ትሞታለህ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ቂሜን በደንብ ነው የምሠራው።

ሴትዮዋንም፣ የልጁን እናት፣ አስገባኋት። ስም አልሰጠኋትም፤ አያስፈልጋትም። ጥቁር ጃንጥላዋን በበጋም ይዛ መሬቱን እየጠቀጠቀች የምትሄደውን አካሄድ፣ ሰፈር ስታልፍ በነጠላዋ አፍንጫዋን የምትሸፍነውን፣ ከመናገሯ በፊት «እህህ» የምትለውን፣ አንድ ሳይቀር አስገባሁት። ድምጿን ራሴ ነኝ የቀዳሁት። በየማለዳው የሸክላ ሠሪዋ በር ላይ ትመጣለች፣ ውሃ ትለምናለች፣ በሩ አይከፈትላትም፣ ደጃፉ ላይ ትወድቃለች። ተጫዋቹ ከራሱ ውሃ ሊሰጣት ቢሞክር እጁ አይዘረጋም። በማግስቱ ደግሞ እንደ አዲስ ትመጣለች። ጌሙን ስሞክር ስንት ጊዜ እንደሞተች አላውቅም። የምሞክረው ነገር ባይኖርም እከፍተው ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ጌሙ ወጣ። እንዳሰብኩት ሳይሆን ከዚያ በላይ ተወደደ። ከማላውቀው አገር ሳይቀር ሰዎች እየጻፉ «አሮጊቷን ማዳን የሚቻለው እንዴት ነው?» ይሉኝ ነበር። «አይቻልም» ብዬ እመልሳለሁ። አንዱ «ጨካኝ ነሽ» ብሎ ጻፈልኝ። መልእክቱን አላጠፋሁትም።

ከዚያ የዊንጌት ልጆች ጌሙን ወደ ስልካቸው ማውረድ ጀመሩ። ጃንጥላዋን ለማወቅ ጊዜ አልወሰደባቸውም። ሴትዮዋ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከኋላዋ «እህህ» እያሉ መንገድ ላይ መውደቅ ያዙ። «ውሃ አምጡላት!» የሚልም ነበር። መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። በኋላ የጎረቤት ልጅ ስልኩን አሳያት። የማታውቀው ደጃፍ ላይ ስትወድቅ፣ ስትሞት፣ በማግስቱ መጥታ እንደገና ስትሞት አየች። የሚገርመው፣ ቤቱን አላወቀችውም። መጥታበት አታውቅማ።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ የመጡት በዚህ ነው።

እማዬ አስገባቻቸው። ውሃ አቀረበች፣ ሦስቱም ወዲያው አንስተው ጠጡ። ባለ ከዘራው እንዲያውም ድገሚኝ አሉ። ጉዳይ ያለው ሰው እንዴት ይጠማዋል! እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ጥርሴን ነክሼአለሁ።

«እህታችን፣ ያለፈው አልፏል» ብለው ጀመሩ ትልቁ። «አሁን የመጣነው ለአንድ ነገር ነው። ሰው በቁሙ ሞቱን ማየት ሟርት ነው። ሴትዮዋ ምግብ አልበላ ብሏታል፣ እንቅልፍም የላት። ልጅሽ እዚያ... እዚያ ጌሙ ላይ ሴትዮዋ እንዳትሞት ታድርግልን። የምንለምነው ይህን ነው።»

«እንዳትሞት» አለች እማዬ።

«እንዳትሞት ብቻ። ሌላ ምንም አንጠይቅም።»

«ከልጄ ጋር ልማከር። ለእሁድ ተመለሱ» አለቻቸው።

ሲወጡ እኔ ፈነዳሁ። ሞቼ እገኛለሁ አልኩ፣ አንዲት ፊደል አልነካም አልኩ፣ ያን ቀን ወንበሩን አጥፈሽ ስትሰጪ ማን ሽማግሌ ላከልሽ አልኩ። እማዬ እስክጨርስ ጠበቀችኝና «እስቲ አሳዪኝ» አለች። ጌሙን አይታው አታውቅም ነበር። የሸክላ ሠሪዋን እጅ ከእሷ እጅ እንደቀዳሁት አልነገርኳትም፤ እፈራ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት ኮምፒውተሩን ከፈትኩላት። ቁልፎቹን አሳየኋት። መጀመሪያ ግድግዳ እየገጨች፣ ገደል እየገባች፣ ሁለት ጊዜ ሞተች፤ በሦስተኛው ቀጨኔ ደረሰች። የሸክላ ሠሪዋን እጆች ስታይ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። ከዚያ፣

«ይሄ በፀሐይ የሰጣሽው ማሰሮ አይሰነጠቅም እንዴ?» አለችኝ። «ጥላ ውስጥ ነው የሚደርቀው። ስንቴ ነግሬሻለሁ?»

«አስተካክለዋለሁ።»

«ጭቃውም ልሟል። የተፈጨ ገል ካልገባበት እሳት አይችልም።»

«እሺ እማዬ።»

በዚህ መሀል በጌሙ ውስጥ ነጋና ሴትዮዋ መጣች። እህህ አለች። እማዬ እጇን ከቁልፉ ላይ አነሳች። ሴትዮዋ ለመነች፣ በሩ ዝም አለ፣ ደጃፉ ላይ ወደቀች፣ ጃንጥላዋ ከጎኗ ተንከባለለ።

«ድገሚው» አለች እማዬ።

ደገምኩት። ወደቀች።

እማዬ ፊቷ ላይ ሐዘን ያየሁ መሰለኝ፣ ስብከቱን ለመስማት ራሴን አዘጋጀሁ። ይቅር በዪ፣ እግዜር ይፍረድ፣ ለነገሩ እሷም እናት ናት ልትለኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ቶሎ ሞተች» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት።

«እውነቴን ነው፤ ምነው ቶሎ ሞተች? የሞተ ሰው ምን ይጠማዋል? ተገላገለች እኮ። እኔ ዕድሜ ልኬን ገበያ ሳልፍ የልጆቻቸውን ፊት ሲሸፍኑብኝ ኖሬያለሁ። አልሞትኩም። በየቀኑ ጠዋት ተነስቼ እዚያው ገበያ እሄድ ነበር።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «በሩን ክፈቺላት። ትግባ። ዱካው ላይ ትቀመጥ። ከዚያ እኔ በሠራሁት ሸክላ፣ በዚህ እጄ ላጠጣት። ጥርግ አድርጋ ትጠጣ። ስትጨርስ እግዜር ይስጥልኝ ትበል። ነገም ትምጣ።»

«እማዬ...»

«እንዳትሞት አይደል ያሉት? አትሞትም።»

የዚያን ሳምንት እጄ ራሱ ከእኔ ቀድሞ ይጽፍ ነበር። በሩ እንዲከፈት አደረግኩ። ሴትዮዋ ስትገባ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ ላይ እንድታወርድ አደረግኩ፤ ሸፍና መጠጣት ስለማይቻል ነው። ቶሎ እንዳትጨርስ፣ ተጫዋቹ ማለፍ እንዳይችል፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ እየታየች እንድትጠጣ አደረግኩ። «እግዜር ይስጥልኝ»ን በእሷ ድምፅ ሰባት ጊዜ ቀዳሁት። እማዬ የሚበቃውን መረጠች።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። በሰዓቱ መጡ፣ እንዲያውም ቀደም ብለው።

«ተማክረናል» አለች እማዬ። «እሺ ብለናል። ሴትዮዋ አትሞትም። ከዚህ ሌላ የምትጠይቁት አለ?»

«የለም፣ የለም። ይኸው ብቻ ነው!» አሉ ትልቁ፣ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው።

«እንግዲያስ መርቁን።»

ተነሱ። ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ። ቤታችሁ በረከት አይለየው፣ የእናትና የልጅ እጅ ይባረክ፣ የነካችሁት ሁሉ ይለምልም፣ ዛሬ የተስማማንበትን የሚያፈርስ አይኑር አሉ። እማዬ መሬት እስኪነካ ድረስ ዝቅ ብላ «አሜን» አለች። እኔም አሜን አልኩ፤ እንደዚያ ቀን ከልቤ አሜን ብዬ አላውቅም።

ሰኞ ማለዳ አፕዴቱን ለቀቅኩት። ሐሙስ ጠዋት ስልኬ ጠራ። የልጁን ቁጥር ካጠፋሁት ቆይቻለሁ፣ ድምፁን ግን ወዲያው ለየሁት።

«ምን አድርገሽ ነው?» አለኝ።

«የተጠየቅኩትን።»

«አሁን ደግሞ ልጆቹ ሲያዩዋት ‹ዛሬ ጠጡ?› ይሏታል። እናትሽ ቤት... እናትሽ እጅ... ስሚ፣ እናቴ አንዴ አይታው ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣችም። ሞቷ ይሻለኝ ነበር ነው የምትለው። እባክሽ፣ ጨርሰሽ አውጪያት።»

«የተለመነው እንዳትሞት ነው። ተመርቆበታል።»

«ሽማግሌ መልሰን እንልካለን።»

«በመረቁት ነገር ላይ?»

ሦስቱ አባቶች እንደማይመጡለት ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። በራሳቸው አፍ የሚያፈርስ አይኑር ብለው የመረቁትን፣ እነሱው በሳምንቱ ዳገቱን ወጥተው አፍርሱልን አይሉም። ትንፋሹ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ያን ትንፋሽ እወደው ነበር። እንዳዝን ጠበቅኩ፣ አላዘንኩም። ከጓዳ እማዬ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ስትነካ ይሰማኛል፤ ጠዋት ጠዋት፣ ጭቃ ከመያዟ በፊት፣ ሴትዮዋን ራሷ ናት የምታጠጣት።

«እስከ መቼ ነው የምትመጣው?» አለኝ በመጨረሻ።

«ጌሙ ማለቂያ የለውም» አልኩት።