ባሌን ያሰረው ስብሰባ

በእኛ አገር ሰው ዘንድ፣ ሱዳን ገዳሪፍ ውስጥ ሰሊጥ የሚያሳጭድ ካቦ ሥራ የሚጀምረው ማጭድ በማደል አይደለም፤ የሠራተኞቹን መታወቂያ በመቀበል ነው። ባሌ ካቦ ነበር። ከመተማ የሚሻገሩትን ሠራተኞች ጋላባት ላይ ይቀበልና በሎሪ ወደ ሀዋታ እርሻዎች ይወስዳቸዋል። ገና ሲገናኙ ሁሉም በሁሉም ፊት መታወቂያቸውን ይሰጡታል፤ እሱም ከወገቡ በማይለየው የቆዳ ቦርሳ ይከተዋል። እርሻ ላይ፣ የሣር ዳስ ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ወይ ምስጥ ይበላዋል ወይ እሳት። ዋናው ነገር ግን ይኸም አይደለም። መታወቂያህን የያዘ ካቦ ብትታመም ያስታምምሃል፣ ብትሞት ለወገንህ ያረዳል። አልይዝም ከሚል ካቦ ጋር የሚሄድ ሰው አልነበረም።

አንድ ዓመት አጨዳው ሊጀመር ሲል ፖሊሶች ሎሪውን መንገድ ላይ አስቁመው ቦርሳውን አገኙ። ባሌን ሰው አዘዋዋሪ ነህ ብለው ያዙት። ወሬውን ስሰማ ሳቄ መጣ። የጎረቤት ዶሮ ግቢያችን ሲገባ እንኳ ተሸክሞ የሚመልስ ሰው ነው እኮ! እስር ቤት ሄጄ በፍርግርጉ በኩል ሳየው ግን ሳቁ ጠፋ።

ያን ሰሞን የየግዛቱ ዋና ዓቃብያነ ሕግ አንድ ማኅበር መሥርተው ነበር፤ ኔትወርክ ይሉታል። መኪናውን፣ ኮምፒውተሩን፣ የሆቴሉን አበል የሚከፍሉት የውጭ ለጋሾች ናቸው። በሥልጠናው ላይ የሌላ ሰው መታወቂያ ሰብስቦ የያዘ ሁሉ አዘዋዋሪ ነው ተብለው ተምረዋል። የተማሩትን ለማሳየት ደግሞ ተከሳሽ ያስፈልጋል፤ የእኛው ዓቃቤ ሕግ ባሌን አገኘ። አሠሪ ደመወዛቸውን የበላባቸው፣ መሬታቸውን የተቀሙ ሰዎች ደጁ ላይ ተኮልኩለው ይውላሉ። ለእነሱ ጉዳይ አበል የሚከፍል ስለሌለ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም።

ሠራተኞቹን ይዤ ቢሮው ሄድኩ። በገዛ እጃችን ነው የሰጠነው አሉ። በዕድሜ የሚበልጠው እንዲያውም ተቆጣ፦

"እኛ ሕፃን ነን እንዴ? ካቦ ካልያዘልን ማን ሊይዝልን ነው?"

ጸሐፊው ጽፎ ሲጨርስ አነበበልን። ተጎጂዎቹ ተከሳሹን ስለሚፈሩ እውነቱን ለመናገር አልደፈሩም ይላል። ደሜ ፈላ። በማግሥቱ ለደኅንነታችሁ ነው ተብለው በመኪና ወደ ድንበር ተመለሱ፤ አንድ ነዶ ሳያጭዱ፣ ምስክር ሆነው ሳይቆሙ።

ክሱ ሲንከባለል የዓቃብያነ ሕጉ ስብሰባ ገዳሪፍ ላይ ሆነ። እኔም ከስደተኛ ሴቶች አንዷ ሆኜ ተጠራሁ፤ የማን ሚስት እንደሆንኩ የጠየቀኝ አልነበረም። የእኛው ዓቃቤ ሕግ ተነሥቶ ሥራውን ሲያቀርብ የባሌ ቦርሳ ግድግዳው ላይ በትልቁ በራ። አዳራሹ አጨበጨበ። እግሬ መሬቱን ሳይነካው ተነሣሁ።

"ይኸ ቦርሳ የባሌ ነው! አደራ ነው የያዘው!" ብዬ በዐረብኛ ጮኽኩ።

አስተርጓሚው ከለጋሾቹ ለተላኩት ሰዎች ነገራቸው፤ አደራ ያልኩትን ግን አላደረሰውም መሰለኝ። አንዲት ነጭ ሴት መጥታ እጄን ጨበጠችኝ። በባለቤትሽ ላይ ለመመስከር ስለደፈርሽ እናመሰግንሻለን አለችኝ በአስተርጓሚው በኩል። አዳራሹ ደግሞ አጨበጨበ፤ ለእኔ! እንዲያ ተናድጄ አላውቅም።

ለዕረፍት ሲወጡ ዓቃቤ ሕጉን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። ዓይኔን ማየት አልቻለም።

"ማሌሽ፣ ያ ኡኽቲ፤ ይቅርታ እህቴ" አለኝ። "ባልሽ አዘዋዋሪ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፤ አባቴም ሰሊጥ ያሳጭድ ነበር።"

"ታዲያ ፍታዋ!"

"ክሱን ባነሣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ምን ይዤ እቀርባለሁ? መኪናውም ይሄዳል፣ ሥራውም ይሄዳል። ካርቱም ያሉት አለቆቼ እንኳ አሁን የሚሰሙት እነሱን ነው።"

"እነሱ እነማን ናቸው? ቢሯቸውን ንገረኝና ሄጄ እግራቸው ላይ ልውደቅ።"

"እኔም አላውቀውም" አለ። "እዚህ የሚመጡት ተላላኪዎች ናቸው፤ ገንዘቡን የሚሰጡትን ሰዎች አይቻቸው አላውቅም።"

እውነቱን ነበር፤ የባሰ ያናደደኝም እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እረግመው ነበር።

አጨዳው አለፈ፣ ሌላ ክረምት መጣ፣ ባሌ ፍርድ ሳያገኝ ተቀመጠ። ከዚያ ለጋሾቹ ፊታቸውን ወደ ሌላ አገር አዞሩ ተባለ። ስብሰባው ቀረ፣ መኪናው ተወሰደ፣ ዓቃቤ ሕጉም ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። በቦታው የመጣው ሰው ፋይሉን አገላበጠና ባሌን ልቀቁት አለ። ምን አዲስ ማስረጃ ተገኘ ብዬ ጠየቅሁት።

"ምንም። መጀመሪያም ወንጀል የለበትም" አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

ባሌ ከስቶ፣ ጠቁሮ ወጣ። ሰው አክባሪ ነውና ቤት ገብቶ እየበላ ሳለ በግ ገዝተን ለአዲሱ ዓቃቤ ሕግ እንውሰድለት አለኝ።

"እውነቱን አይቶ የፈታኝ ሰው አይመሰገንም?"

"እሱ አልፈታህም" አልኩት። "ገንዘቡ ነው ያለቀው። ባያልቅ ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበርክ።"

ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። እስር ቤት ያን ሁሉ ጊዜ ሲቀመጥ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ጉዳዩን እየመረመረለት መስሎት ነበር።